ወደቡ የትም ይሁን፣ ዕቃው የሚራገፈው እኛ ሰፈር ነው

ግልጽ ደብዳቤ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለወደፊት የባቡር መስመሮችና የጭነት ጣቢያዎች የሚሆነው መሬት ከአሁኑ ተለይቶ እንዲታወቅና ካርታው ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፦

ከእንዶዴ የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በተቆረቆረ አዲስ ሰፈር እኖራለሁ። መተዳደሪያዬ ትራንዚተርነት ነው፤ ጅቡቲ ለወረደ ዕቃ ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ቀረጥ አስከፍላለሁ፣ ኮንቴይነር አስለቅቄ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። የምጽፍላችሁ የሥራዬን ብሶት ለማሰማት አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ባቡር የሚያልፍበትንና ጭነት የሚራገፍበትን መሬት ዛሬውኑ ወስኑት፤ ካርታውንም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉልን። ቤት የሚሠራውም፣ የሚያርሰውም፣ ፋብሪካ የሚተክለውም እሱን አይቶ ይወስን።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ባሕር በር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ፀጉር ቤት ሳይቀር አሰብ፣ በርበራ፣ የኬንያው ላሙ፣ የጅቡቲው ታጁራ ሲባል ይዋላል። ቢወራም አይገርምም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ የራሱ ወደብ የሌለው ሌላ አገር በዓለም ላይ የለም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን ከቻለች በኋላም ለጥቂት ዓመታት በአሰብ እንጠቀም ነበር፤ የ1990ው ጦርነት መጣና እሱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በአንድ በር፣ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። በ2010 ዓ.ም. በበርበራ ወደብ የ19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተባለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ድርሻው መቅረቱን ሰማን። ታኅሣሥ 2016 ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ዓመት ሳይቆይ ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ መግለጫ ወጣ። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

እኔ ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የተረሳ ነገር ይታየኛል። ወደቡ ጅቡቲም ይሁን በርበራ፣ አሰብም ይሁን ላሙ፣ ከሚመጣው ኮንቴይነር አብዛኛው ማረፊያው ይኸው የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ትልቁ ገበያ መርካቶ ነው። ፋብሪካዎቹ ከቃሊቲ እስከ አዳማ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ስለ ባሕሩ ከሌላ መንግሥት ጋር መደራደር፣ መለመን፣ አንዳንዴም መኳረፍ ግድ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ኪሎ ሜትሮች ግን የራሳችን ናቸው፤ ማንንም አናስፈቅድባቸውም። የወደቡ ጉዳይ እስኪለይለት መጠበቅም አያስፈልጋቸውም። በየቀኑ ከእጃችን እየወጡ ያሉት ግን እነሱ ናቸው።

ሰፈሩን ለማታውቁት ልግለጸው። ባቡሩ ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ ወደ አዳማ ይወርዳል። ከተማዋን በስተደቡብ ዞሮ እንዲያልፍ የተደረገው በዚህ በኩል ያለው መሬት በአብዛኛው የጤፍና የስንዴ ማሳ ስለነበረ ይመስለኛል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. መስመሩ ሲመረቅ ከእንዶዴ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው የሚታየው እርሻ ነበር። ዛሬ በአንዱ ወገን ቂሊንጦ፣ በሌላው ኮዬ ፈጬ፣ በዚያ ላይ የገላን ፋብሪካዎችና መጋዘኖች አሉ። በመካከሉ የጨረቃ ቤቱም፣ የይዞታ ካርታ ያለውም፣ ካርታ አለኝ የሚለውም ተቀላቅሎ ሞልቶታል።

ሐዲዱ የተነጠፈው ከፍ ባለ የአፈር ድልድል ላይ ነው። ባቡሩን ለሚነዳ ሰው ጥሩ ነው፤ ጤና ጣቢያው ከሐዲዱ ማዶ ለሆነባት ነፍሰ ጡር ግን ድልድሉ ግድግዳ ነው። የውኃ መውረጃ ቱቦዎቹ ሰው እንዲያልፍባቸው ባይሠሩም ሰው ያልፍባቸዋል፤ በሐምሌ ደግሞ ሰውም ውኃውም በአንድ ላይ ማለፍ ይፈልጋሉ። የጎረቤቴ የአዛውንቱ ገበሬ ማሳ ለሁለት ተከፍሏል። በሬዎቻቸውን እየነዱ እስከ መተላለፊያው ዞረው ነው ማዶ ያለውን ግማሽ የሚያርሱት። «ልጄ፣ ባቡሩን መች ጠላሁት፤ ወዴት እንደምሻገር የጠየቀኝ ጠፋ እንጂ» ይሉኛል። ከብት ተገጨ ሲባል የሚሰማው ጭቅጭቅም ያው ነው፦ ከብቱ ወደ ሐዲዱ ገባ ወይስ ሐዲዱ ወደ ግጦሹ?

ተጨማሪ መተላለፊያ እንዲሠራ የሰፈሩ ሰው ፈርሞ አቤት ብለን ነበር። የመጀመሪያው ቢሮ ቦታው በክልላችን አይደለም አለን። ሁለተኛው ከሐዲዱ አጥር ውስጥ ያለው አይመለከተንም አለን። ሦስተኛው ደብዳቤያችንን መዝገብ ላይ አስፍሮ ቁጥር ሰጠን። ቁጥሩን እስካሁን በጥንቃቄ ይዘነዋል።

ይህን የማነሣው ማንንም ለማሳጣት ሳይሆን፣ ቀጣዩ ሐዲድ ሲመጣ ነገሩ እንዳይደገም ነው። ቀጣዩ መምጣቱ አይቀርማ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አገር አቀፍ የባቡር መረብ ታቅዶ ነበር። ከዚያ ውስጥ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው ከኬንያ ሊያገናኘን የታሰበ ነው። በጅማ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ደግሞ ከደቡብ ሱዳን። ገንዘብ አጥሮ፣ ጦርነት መጥቶ፣ ብድር ተወድዶ ሁለቱም እንደታቀዱ ቀርተዋል። ዕቅዱ ግን አልተሻረም። ታዲያ የምዕራቡ መስመር ከሰበታ የሚወጣው በየት ሰፈር በኩል ነው? ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውስ የትኛውን ማሳ ሰንጥቆ ነው? እዚያ አካባቢ ዛሬ ቦታ የሚገዛ ሰው ይህን ለማወቅ የት ሄዶ ይጠይቅ? እኔ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ በማመላለስ የምኖር ሰው እንኳ መልሱን የትኛው መስኮት ላይ እንደማገኝ አላውቅም።

ረጅም ዕቅድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከበደና ሜዳው ላይ ያልነበረች ከተማ በቀለች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተሻኮቱበት፣ ሥራው ዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ንጉሡ በ1906 አርፈዋል፤ ባቡሩ ዋና ከተማቸው ሲገባ አላዩትም። ከፈቃዱ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። በአንድ የምርጫ ዘመን የሚያልቅ ነገር ባቡር ሊሆን አይችልም፤ አስፋልት ይሆናል።

ከዚያው ታሪክ የሚያስቆጨኝም አለ። አሮጌው ሐዲድ በአቃቂ አድርጎ ለገሃር፣ የከተማዋ እምብርት ድረስ ይገባ ነበር። የአቃቂ ፋብሪካዎች እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ባቡር የሚያልፍበት መሬት ወደ አንድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተጠብቆ፣ በነፃ በእጃችን ነበር። አሮጌው ባቡር ሲደክምና ሲቆም መሬቱም አብሮ የቆመ መሰለን፤ በየቦታው ታጠረ፣ ተሸፈነ፣ ተሠራበት። ዛሬ ባቡር ወደ መሐል ከተማ እናስገባ ብንል ያንን ጠባብ መሬት በምን ያህል ቢሊዮን ብር እንደምንገዛው እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አዲሱ የመንገደኛ ጣቢያ ለቡ ላይ የቀረውም መሬቱ ስለጠበበ ይመስለኛል። የከተማው ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ላይ ሲጀምር አንዱ ጫፍ ቃሊቲ ላይ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ቆመ፤ ሁለቱም ጫፎች ከጅቡቲው ባቡር ሳይገናኙ። ከድሬዳዋ ተጉዞ ለቡ የወረደ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች የተነደፉት በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንግሥት ነው። እነሱን ለማገናኘት አንድ ሰው አንድ ቀን ሁለቱን ካርታዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋቸው ይበቃ ነበር።

አፍሪካንም የገጠማት ይኸው ነው፤ በሰፊው መሆኑ ነው ልዩነቱ። ጣሊያን ከምፅዋ ወደ አስመራ ሐዲድ ሲዘረጋ ስፋቱን፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት፣ 950 ሚሊ ሜትር አደረገው። ከጅቡቲ ወደ እኛ የመጣው የፈረንሳዮቹ 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። እንግሊዝ በኬንያና በኡጋንዳ 1,000፣ በሱዳን 1,067 አደረገች። እያንዳንዱ ሐዲድ ከራሱ ወደብ ተነሥቶ ወደ ራሱ ጥጥ፣ ቡና ወይም ማዕድን ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ያበቃል። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲነግድ ያሰበ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ታንዛኒያና ዛምቢያ በቻይና እርዳታ 1,860 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግተው በ1968 ዓ.ም. ሥራ አስጀመሩ። ስፋቱን ከደቡባዊ አፍሪካ ሐዲዶች ጋር ለማስማማት 1,067 ሲያደርጉት ከራሷ ከታንዛኒያ አሮጌ ሐዲድ ጋር አልገጥም አለ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ኪዳቱ በሚባል ስፍራ ዕቃ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው የሚገለበጥበት ጣቢያ ተሠራ። እንዲህ ያለ ግልበጣ ምን እንደሚያስከፍል እንደ እኔ ያለ ትራንዚተር ጠይቁ። ኮንቴይነር በተነሣና በወረደ ቁጥር ክፍያ አለ፣ መቆየት አለ፣ መሰበርም አለ።

አሁን ዕድሉ ተመልሶ መጥቷል። የእኛና የጅቡቲ አዲስ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ነው። ኬንያ በግንቦት 2009 ከሞምባሳ ናይሮቢ ያስጀመረችውና በኋላ እስከ ናይቫሻ ያደረሰችው 1,435 ነው። ታንዛኒያ በ2016 ከዳሬ ሰላም እስከ ዶዶማ ያስጀመረችውም እንዲሁ። በዚህ በኩል ያለው የአህጉሩ ክፍል ያለ ጌታ ትእዛዝ አንድ ስፋት ሲመርጥ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ስፋት ብቻውን ግን አያገናኝም። የእኛ ባቡር በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የኬንያው በናፍጣ ነው። የምልክቱ ሥርዓት፣ የፉርጎው መቀጣጠያ፣ የሾፌሩ ፈቃድ፣ የጉምሩኩ ማኅተም እያንዳንዱ ስምምነት ይፈልጋል። እዚሁ አገር ውስጥ እንኳ ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር በሌላ ተቋራጭና በሌላ ብድር ተሠርቶ፣ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አልፈውበታል። ከወሎ ሰው ጋር ያልተገናኘ ሐዲድ ከሞምባሳ ሰው ጋር እንዴት ሊገናኝ ነው?

የላሙን ወደብ ውሰዱ። የካቲት 2004 ላይ የኬንያው ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የእኛው መለስ ዜናዊ አንድ ላይ ቆመው ሥራውን አስጀመሩት። ወደብ፣ ሐዲድ፣ መንገድና የነዳጅ ቧንቧ በአንድ ዕቅድ ተጠቃለለ። ግንቦት 2013 ላይ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ ተመረቀ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ አስፋልት ደረሰ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ያንን መንገድ በአቧራው ዘመን የሚያውቁ ሾፌሮች ሲያወሩት ዛሬም ይገርማቸዋል። ሐዲዱ ግን ገና ነው። ወደብ ኖሮ ሐዲድ ከሌለ፣ እዚያ የወረደ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጎትቶ እዚህ ሲደርስ ጅቡቲን በዋጋ ማሸነፉን እጠራጠራለሁ። የሞያሌ መስመር አንድ ቀን ካልተሠራ ላሙ ለእኛ ሁለተኛ በር ሊሆን አይችልም። የሞያሌ መስመር የሚጀምረው ደግሞ ከሞጆ ነው። ሞጆ ላይ መሬቱ ከሌለ ላሙ ላይ ያለው ባሕር ምን ያደርግልናል?

የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2063 ዋና ዋና ከተሞችን በፈጣን ባቡር ለማገናኘት ወስኗል። የአህጉሩ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም በመጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ፣ ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ንግድ ይካሄድበታል ተብሏል። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት እኛው ከተማ ውስጥ ነው። ለስብሰባ የሚመጡት እንግዶች ከአዳራሹ ወጥተው ለቡ ጣቢያ ድረስ በመኪና ቢሄዱ ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ የባቡሩን መስኮት ይዘው እስከ አዳማ ቢጓዙ ደግሞ ስለ አህጉራዊ ትስስር ከአንድ ሳምንት ንግግር የበለጠ ይማሩ ነበር። ይህን እንደ ቀልድ ብታዩትም ቅር አይለኝም፤ ግብዣው ግን የምር ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስና አንድ ኮንቴይነር እዚህ ሲደርስ የሚሆነውን ላሳያችሁ። በባቡር ከመጣ እንዶዴ ወይም ሞጆ ላይ ይወርዳል። ከዚያ እስከ መጋዘኑ ድረስ በከባድ መኪና ነው የሚሄደው፤ ከባድ መኪና ደግሞ በሥራ ሰዓት ወደ ከተማ እንዳይገባ የሰዓት ገደብ አለበት። ስለዚህ ተሳቢዎቹ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ መንገድ ዳር ተደርድረው ምሽትን ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ መኪና ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ፤ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች እነሱን ብለው ይመጣሉ፤ ለሊት ደግሞ ጎማ የሚፈቱም ይመጣሉ። ባዶው ኮንቴይነር በተሰጠው ቀን ካልተመለሰ ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል። ባቡሩ ከሚያመጣው የሚወስደው ስለሚያንስ ብዙ ፉርጎ ባዶውን ይመለሳል። አስመጪው ይህን ሁሉ ደምሮ በዘይቱና በሳሙናው ላይ ይጭነዋል። በጅቡቲ ባቡር ያተረፍነውን ጊዜ እንዶዴ በር ላይ እንመልሰዋለን ማለት ነው። መፍትሔው አዲስ ወደብ አይደለም፤ እዚሁ አጠገብ ሰፊ ማራገፊያ፣ የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ መጋዘንና ወደ ፋብሪካዎቹ ግቢ የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ነው። ለነዚህ የሚሆነው መሬት አምስት ዓመት ሳይሞላው ሪል እስቴት ይሆናል።

ከዚህ በላይ ደግሞ በቢሾፍቱ አቡሴራ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ሰው፣ ዕቃ፣ ነዳጅ ሁሉ የሚያልፈው በዚችው በደቡብ ምሥራቅ ጠባብ በር ነው፤ የፍጥነት መንገዱም፣ አሮጌው መንገድም፣ ሐዲዱም እዚችው ላይ ተጣብቀዋል። ሐዲዱ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። ጭነቱ ሲጨምር ነጠላውን ድርብ ማድረግ፣ እዚህ በኩል ደግሞ የጭነቱን ከመንገደኛው መለየት ግድ ይሆናል። ሦስተኛና አራተኛ ሐዲድ የሚነጠፍበት መሬት ከአሁኑ ካልተያዘ ያኔ በግሬደር ነው የሚያዘው። ግሬደር የሚመጣበት ደግሞ እኔና ጎረቤቶቼ ላይ ነው።

«ገንዘብ የለም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነትም የለም። ለዚህ ባቡር የተበደርነው ብዙ ነው። በ2010 መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቤጂንግ ሲመለሱ የብድሩ መክፈያ ከአሥር ወደ ሠላሳ ዓመት እንደተራዘመ ነገሩን። ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ዕዳው የሠላሳ ዓመት ሆኖ ሳለ የልማት መሪ ዕቅዳችን የአሥር ዓመት ነው። ልጆቻችን ለሚከፍሉት ዕዳ፣ ልጆቻችን የሚጠቀሙበትን መሬት ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? እኔ የምለው ሐዲድ ንጠፉ አይደለም። ኖራ ይዛችሁ መስመር አስምሩ ነው የምለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መሬት ይከለል ስል ገበሬው ይነሣ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዚህ ዙሪያ መሬትና ማስተር ፕላን የሚሉትን ነገሮች ሰው የሚሰማው በስጋት ነው፤ ለምን እንደሆነም እናንተም እኛም እናውቃለን፤ ብዙ ደም ፈሷል። የካሳና የመልሶ ማቋቋም አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጥቷል፤ አዋጁ ግን የሚናገረው መሬት ሲወሰድ ስለሚሆነው ነው። ለሠላሳ ዓመት ተከልሎ ስለሚቆይ መሬት ግልጽ ደንብ ያስፈልጋል። ገበሬው እስከ ሐዲዱ ቀን ድረስ ይረስ፤ ሽንኩርትም ይትከል፤ ቋሚ ቤት ብቻ አይሥራ፣ ለሚሠራም አይሽጥ። ይህ ገደብ መብቱን ስለሚቀንስበት በየዓመቱ አነስተኛ ክፍያ ይታሰብለት። ሐዲዱ የመጣ ቀን ደግሞ ካሳው በዚያ ጊዜ ዋጋ ይሁን እንጂ በዛሬው አይቆረጥ። ደላላው ካርታውን ከገበሬው ቀድሞ ካገኘው ሁሉም ነገር እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው፤ ስለዚህ ካርታው ለሁሉም በአንድ ቀን ይለጠፍ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።

መስመሩ አንዴ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዴ ወደ ሸገር ከተማ እየገባ ይወጣል። ሰፈር የት ላይ እንደሚያልቅ ነዋሪው እንኳ የሚለየው በውኃ ቢሉ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ጽሕፈት ቤት ይኑር፤ መተላለፊያ ቢያስፈልግ፣ ውኃ ቢተኛ፣ አጥር ቢሰረቅ (ብረቱና ገመዱ እንደሚሰረቅ ታውቃላችሁ) የምንሄድበት አንድ በር ይታወቅ። ጣቢያ ሲታሰብም ከተማ ለከተማ ብቻ አትቁጠሩ። በአሮጌው ባቡር ዘመን ትንንሾቹ ጣቢያዎች ገበያ ነበሩ፤ እንቁላሉም፣ ከሰሉም፣ ፓፓዬውም፣ እውነቱን ለመናገር ኮንትሮባንዱም በመስኮት ይገባና ይወጣ ነበር። የዛሬው ባቡር ብዙ መንደር አልፎ ይበራል። ፈጣን መሆኑ አይከፋም፤ ግን በቀን አንዴ እንኳ በየጣቢያው የሚቆም ዘገምተኛ ባቡር ቢኖር ከዱከም አዋሽ ድረስ ያለችው ነጋዴ የእርስዋም ባቡር መሆኑን ታውቀው ነበር። መተላለፊያዎቹንም ሐዲዱ ሳይነጠፍ በፊት ሰዉን ጠይቃችሁ አስምሩ፤ ከተነጠፈ በኋላ ድልድል መቅደድ ውድ ነው።

ለዚህ ሥራ ባለሙያ ስትልኩ እኛም የምንሰጠው አለን። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበትን፣ ከብት የሚሻገርበትን፣ መቃብርና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የኢሬቻ መውረጃ ያለበትን ሽማግሌዎቻችን በእግር እየሄዱ ያሳያሉ። የሳተላይት ፎቶ ይህን አያሳይም። ስብሰባ የምትጠሩን ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይመቸናል፤ እሑድ ዕድር አለብን፣ በሥራ ቀን ደግሞ ግማሻችን ሞጆ ነን። አዳራሽ ባይኖር የትምህርት ቤቱ ግቢ ይበቃል፤ ወንበር ከዕድሩ እናመጣለን። እናንተ ካርታውን ብቻ ይዛችሁ ኑ።

ከሰላምታ ጋር

የእንዶዴ አካባቢ ነዋሪ፣ ትራንዚተር

ግልባጭ፦
ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን
ለአካባቢው ዕድሮች